ቫይረስ የበላው የመመረቂያ ጽሑፍ፦ ምን ይድናል? ማንስ ይታመናል?

ጠያቂዬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ በማታው መርሐ ግብር ሶሻል ወርክ የሚማሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው በአካባቢው የግንባታ ቦታዎች በቀን ሥራ የሚተዳደሩ 14 ሴቶችን አነጋግረዋል፤ ቃለ መጠይቁን በስልካቸው ቀድተው፣ ወደ ወርድ ገልብጠው፣ ከረቂቁ ጋር በአንድ ፍላሽና በላፕቶፓቸው ይዘውት ነበር። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ምዕራፍ ሦስትን ሊያሳትሙ ሲሉ ግን ፎልደሮቻቸው በሙሉ ሾርትከት ሆነው ተገኙ፤ የቤቱ ልጅም «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ካልሆነ አይለቅም» ብሎ እዚያው ፎርማት አደረገላቸው። ደንግጠው ቤታቸው ሲደርሱ ላፕቶፑ ላይ የቀረውን ለመከላከል ከአንድ የቴሌግራም ቻናል «ሙሉ ቨርዥን» የተባለ አንቲቫይረስ ከነክራኩ (ሳይከፈል እንዲሠራ ፈቃዱን ከሚሰብረው ፕሮግራም ጋር) አውርደው ጫኑ። በማግስቱ ጠዋት በፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ አራት እንግዳ ፊደሎች ተቀጥለው፣ አንዱም አልከፈት ብሎ፣ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከፈለ ደግሞ 490 ዶላር የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ ማስታወሻ በየፎልደሩ ተቀምጦ አገኙ። የሚጠይቁት ሥራቸው ይድን እንደሆነ ነው፤ አስከትለውም «አንቲቫይረስ የሴቶቹን ቃል አንብቦ ወደ ውጭ እንደማይልክ በምን አውቃለሁ? ጉግል ድራይቭንም እስካሁን ያልተጠቀምኩት በዚሁ ምክንያት ነው» ይላሉ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሦስት ነገር እለምንዎታለሁ። ፍላሹ ላይ አንዲት ፋይል እንኳ እንዳይገለብጡበት፤ ላፕቶፑን ከዋይፋይ አላቀው ያጥፉት፤ ገንዘቡንም አይክፈሉ። የመጀመሪያው ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱን ከታች ያዩታል።

የደረሱብዎት ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው፤ ባሕርያቸውም አይገናኝም። ፍላሹን የነካው በየፎቶ ኮፒ ቤቱ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። ይህ ቫይረስ ስሙ እንደሚያስፈራው ፋይል አይበላም፤ ይደብቃል። ፎልደሮችዎን «የተደበቀ» እና «የሲስተም» በሚሉ ሁለት ምልክቶች ከዓይን ይሰውራቸዋል፣ አንዳንዴም ሁሉንም ሰብስቦ ስሙ ባዶ የሆነ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ከዚያ በየስማቸው ቀስት ያለበት ሾርትከት ይተካል። እርስዎ ሾርትከቱን ሲጫኑ መጀመሪያ ቫይረሱ ራሱ ይነሣል፣ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ይከፈትልዎታል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳምንታት ሙሉ ምንም ሳይጠረጥር ይሠራበታል። አንዴ ከተነሣ በኋላ ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጥና የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። በቀን ስንት ተማሪ ፍላሽ በሚሰካበት የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

እንግዲህ ልጁ ፎርማት ባያደርገው ኖሮ ሥራዎ ሙሉ በሙሉ እዚያው ነበር። የዊንዶውስ ፎልደር መስኮት ላይ «ቪው» ከሚለው ሥር የተደበቁ ፋይሎችን ማሳየት፣ ቀጥሎም የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምርጫ ማንሣት፣ ብቅ ያሉትን እውነተኛ ፎልደሮች ከፍቶ የውስጣቸውን ፋይሎች ብቻ ንጹሕ ወደሆነ ቦታ መገልበጥ በቂ ነበር። ምልክቶቹን ራሳቸውን ለማንሣት «አትሪብ» የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ አለ፤ «ኤች»፣ «አር» እና «ኤስ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች በመቀነስ ምልክት ይጻፉለታል፣ ሥራውም ከደቂቃ አያልፍም። ልጁን መውቀስ አልፈልግም፤ ወረፋ የያዘ ሰው ከጀርባው ቆሞ፣ ያለውን መፍትሔ ነው የሰጠዎት። ነገር ግን ፎርማት ቫይረሱንም ሥራዎንም አንድ ላይ የሚጠርግ እርምጃ ነው፤ የባለቤቱ ብቸኛ ቅጂ እንዳልሆነ ሳይጠየቅ ሊደረግ አይገባውም።

አሁን አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ፎርማቱ ስንት ጊዜ ፈጀ? ሰከንዶች ብቻ ከሆነ ያደረገው «ኩዊክ ፎርማት» የሚባለውን ነው። ይህ የፍላሹን ማውጫ ብቻ ይሰርዛል፤ መጽሐፉ ተቀምጦ የማውጫው ገጽ እንደተቀደደ ይቁጠሩት። ደቂቃዎች ከፈጀ ደግሞ ሙሉ ፎርማት ሊሆን ይችላል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች በሙሉ ፎርማት ጊዜ በቦታው ሁሉ ላይ ዜሮ ስለሚጽፉ ከዚያ የሚገኝ ነገር የለም። በየቤቱ የሚደረገው ግን ዘወትር ፈጣኑ ነው፤ «ኩዊክ ፎርማት» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱ ቀድሞ ተደርጎ ስለሚመጣ ማንም አያነሣውም። ፍላሹ ላይ ምንም አይጻፍ ያልኩት ስለዚህ ነው፤ አዲስ የሚገለበጥ ፋይል የሚያርፈው ያ ባለቤት አልባ መስሎ በሚታየው ቦታ፣ ማለትም በሥራዎ ላይ ነው።

ፍላሹን ቫይረስ የሌለበት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተው «ፎቶሬክ» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ስሙ የፎቶ ቢመስልም የወርድና የፒዲኤፍ ፋይሎችንም ያወጣል፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል፣ ስለዚህ ያገኘውን ወደየትም አይልክም። ውጤቱን የሚያስቀምጡበት ቦታ ሲጠይቅዎት ፍላሹን ራሱን እንዳይሰጡት፤ የኮምፒዩተሩን ዲስክ ይስጡት። የፋይሎቹን የቀድሞ ስም አይመልስም፤ በቁጥር የተሰየሙ ብዙ ፋይሎች ያገኛሉ፣ ከመካከላቸው የአንድ ምዕራፍ ብዙ ዕድሜ ያላቸው ረቂቆችም ይኖራሉ። በመጠን ደርድረው እየከፈቱ መለየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ከ14 ሰው ጋር እንደገና ከመቀመጥ ይቀላል።

የላፕቶፑ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የገለጹት ነገር ሁሉ፣ አራቱ ፊደሎችም፣ 980 እና 490 ዶላሩም፣ 72 ሰዓቱም፣ በክራክ ውስጥ ተሸጉጦ የሚመጣውንና «ስቶፕ» በሚል ስም የሚታወቀውን የቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ቤተሰብ ይመስላል። ፋይሎቹን ሲያመሰጥር፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ አድርጎ ሲቆልፋቸው፣ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ አፕዴት የሚመስል የሐሰት መስኮት ያሳያል፤ ምናልባት ያን ምሽት «እያደሰ ነው» ብለው ትተውት ተኝተው ይሆናል። ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ለዚህ ቤተሰብ 148 ዓይነቶች ነፃ መፍቻ አውጥቷል። ችግሩ ከነሐሴ 2019 በኋላ የመጡት ዓይነቶች አሠራራቸውን አጠንክረዋል፤ እነዚያ የሚፈቱት ቫይረሱ በሚያመሰጥርበት ሰዓት ከጌቶቹ ጋር መገናኘት አቅቶት በውስጡ የያዘውን የጋራ ቁልፍ ተጠቅሞ ከሆነ፣ ያ ቁልፍም ቀደም ብሎ በሌላ ተጠቂ በኩል ከተገኘ ነው። በማስታወሻው ግርጌ የግል መለያ ቁጥርዎ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች ንኡሱ የእንግሊዝኛ «ቲ» ፊደልና 1 ቁጥር ከሆኑ ተስፋ አለ ማለት ነው። ኔትወርክ እየመጣ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ዕድል ከሌላው ቦታ ሳይሻል አይቀርም፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የኔትወርክ መቆራረጥ ሊጠቅመን ይችላል።

መፍቻውን የሚፈልጉት የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 በከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» በተባለው ድረ ገጽ በኩል ብቻ ይሁን። ሌላ ቦታ «እፈታልዎታለሁ» የሚል ፕሮግራም ቢያገኙ አብዛኛው ሁለተኛ ወጥመድ ነው። የጸረ ቫይረስ ድረ ገጾች ከላፕቶፑ ላይ አልከፈት ቢሉ አይገረሙ፤ ይኸው ቫይረስ እነሱን የመዝጋት ልማድ አለው። መለያው በሌላ ምልክት የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ የተመሰጠሩትን ፋይሎች ከነማስታወሻው በውጫዊ ዲስክ ላይ አስቀምጠው ይተዉት፤ አንድ ቀን ቁልፉ ሊገኝ ይችላል፣ የምረቃ ቀነ ገደብዎ ግን አይጠብቀውም።

አንድ የቀረ ቀዳዳ አለ። ይህ ቫይረስ ለፍጥነት ሲል የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ፣ 150 ኪሎ ባይት ገደማ ብቻ ነው የሚያመሰጥረው። የወርድ ፋይል በአብዛኛው ከዚያ ስለማይበልጥ ጨርሶ ይሄዳል። የድምፅ ቅጂ ግን ብዙ ሜጋ ባይት ነው፤ ኤምፒ3 ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በቀር ቀሪው ሊሰማ ይችላል፣ ፋይሉን ገልብጠው፣ ከግልባጩ ስም ላይ የተቀጠሉትን አራት ፊደሎች አጥፍተው ይሞክሩት።

ለነገሩ ድምፁን ከላፕቶፑ ላይ የሚፈልጉትስ ለምንድን ነው? በጥያቄዎ መካከል በስልኬ ቀዳሁ ብለዋል። ወደ ላፕቶፕ ሲያዛውሩ ገልብጠው ነው ወይስ ቆርጠው? ገልብጠው ከሆነ ዋናው አሁንም ስልክዎ ላይ ነው። በየቀኑ ሰው የጠፋበትን ፋይል እኔ ዘንድ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዲስኩ አይደለም፤ «ለማን ልከኸው ታውቃለህ?» ብዬ ነው። ለአማካሪዎ ምዕራፍ አንድና ሁለትን በቴሌግራም ልከው ይሆናል፤ ለጓደኛዎ «እስኪ እይልኝ» ብለው፤ መጠይቁን ለማሳተም በኢሜይል። የቴሌግራም የፍለጋ ሳጥን ውስጥ የጽሑፉን ርእስ አንድ ቃል ይጻፉና ይፈልጉ። በእኔ ልምድ እንደ ፎቶሬክ ባለ ፕሮግራም ከዳነው ይልቅ በዚህ መንገድ የተገኘው ሥራ ይበዛል።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ ማጽዳት አይበቃውም፤ ዊንዶውሱ እንደገና ይጫን። ይህ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ሰብስቦ የሚልክ ሌላ ፕሮግራም አስከትሎ ያስገባል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ከላፕቶፑ ሳይሆን ከስልክዎ፣ የኢሜይልዎን፣ ቀጥሎ የቴሌግራምዎንና የባንክዎን የይለፍ ቃሎች ይቀይሩ፤ በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «ዲቫይስስ» በሚለው ሥር ከስልክዎ በስተቀር ያሉትን ሁሉ ያስወጡ። እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ደርሰናል፤ የሴቶቹ ቃል ወደ ውጭ ወጥቶ ከሆነ የወጣው በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ክራክ በኩል ነውና።

ጥርጣሬዎ መሠረት የለውም ብዬ ልሸነግልዎ አልፈልግም። አንቲቫይረስ በሥራው ጠባይ እያንዳንዱን ፋይል ያነባል፤ ካላነበበ አያውቀውም። በዓለም ላይ እጅግ ከተሠራጩት ነፃ አንቲቫይረሶች አንዱ የሆነው አቫስት፣ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ ታሪክ ሲሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በጋዜጠኞች ተጋልጦ ቅርንጫፉን በዚያው ወር ዘግቷል፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በየካቲት 2024 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ጥሎበታል። ሲክሊነር የተባለው የማጽጃ ፕሮግራምም በ2017 ራሱ ተበክሎ፣ ከትክክለኛው የአምራቹ ገጽ ያወረዱት ሰዎች ጭምር ተጠቅተዋል። እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ማንበብና መላክ ይለያያሉ፤ ጥያቄው መሆን ያለበት የትኛው ፕሮግራም፣ ምን ዓይነት ነገር፣ በማን ፈቃድ ይልካል ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ፋይሉን እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ ይመረምራል። አጠራጣሪ ነገር ሲያጋጥመው ናሙና ወደ ማይክሮሶፍት የሚልክበት አሠራር አለው፤ ፋይሉ የግል መረጃ ሊይዝ ይችላል ብሎ ከገመተም ከመላኩ በፊት ይጠይቃል። ይህ ካላስደሰተዎት «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተው ናሙና መላክን የሚመለከተውን ምርጫ መዝጋት ይችላሉ፤ ምርመራው ግን ይቀጥላል። በተጨማሪም ከ2017 ጀምሮ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል መከላከያ አለው፤ ያልተፈቀደለት ፕሮግራም የሰነድ ፎልደሮችዎን እንዳይቀይር ይከለክላል። ሲመጣ ዝግ ሆኖ ስለሚመጣ አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም። እርስዎ ዘንድ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ፋይሎችዎን የማዳን ዕድል ነበረው፤ ክራኩ ዲፌንደሩን እንዲዘጉ ባያደርግዎት ኖሮ ማለቴ ነው።

እንዳዘጉዎትም እርግጠኛ ነኝ፤ የክራክ ሁሉ የመጀመሪያ መመሪያ «አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» የሚል ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «ዘገየብኝ» ብሎ ያመጣውን ላፕቶፕ ስከፍት ዲፌንደሩ በርቷል፣ አረንጓዴ ምልክቱም አለ። ነገር ግን የማይመረመሩ ቦታዎች የሚመዘገቡበትን ዝርዝር ስመለከት ሙሉው ሲ ድራይቭ ተጽፎ አገኘሁት። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል፤ የታዘዘው ግን ወደ ግቢው ፊቱን እንዳያዞር ነው። ያንን የጻፈው ዊንዶውሱን «አክቲቬት» ለማድረግ የተጫነው ፕሮግራም ነበር። ሰውየው ወርኃዊ የደመወዝ መዝገብ ይሠራበት ነበር።

እርስዎም እንዲሁ ነዎት፤ ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፣ ሁላችንም የሄድንበት መንገድ ስለሆነ ነው። አድራሻው የሚታወቀውን፣ ሊከሰስና ሊቀጣ የሚችለውን ኩባንያ ተጠራጥረው፣ ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ክራክ የላፕቶፑን ሙሉ ሥልጣን ሰጡ። ጉግል ድራይቭ ላይ ያላስቀመጡትን የሴቶቹን ቃል የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሚነካው ኮምፒዩተር ላይ ሳይቆለፍ ሰኩት። ሊያሰጋዎት የሚገባው ይህ በር ነው፤ ሥራዎ የጠፋበትም፣ ምስጢሩ ሊወጣ የሚችልበትም ያው አንድ በር ነው።

ለወርድ ሲባል ክራክ መጫን ግድ የሚሆንባቸው ጊዜያት እንደሚመስሉ አውቃለሁ፤ የፈቃዱ ዋጋ በዶላር ነው። ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ የወርድን ፋይል ይከፍታል፣ አማርኛም ያለ ችግር ይጽፋል፤ ሰንጠረዥ ላይ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ዊንዶውሱ 10 ከሆነም የማይክሮሶፍት ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷልና፣ እንደገና ሲያስጭኑ ማሽኑ ከቻለ 11ን ያስጭኑ፤ ካልቻለ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን የነፃውን የሊነክስን ነገር ያስቡበት።

እግረ መንገዴን ማንም የማይጠረጥረውን አንድ ፕሮግራም ላንሣ፤ የአማርኛ መጻፊያውን። ኪቦርድ የሚነኩትን ፊደል ሁሉ፣ የይለፍ ቃልንም ጭምር ያያል፤ አንድሮይድ ስልክ አዲስ ኪቦርድ ሲያበሩ ይህንኑ የሚያስጠነቅቅ መልእክት የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው፣ እኛም ሳናነብ «እሺ» እንላለን። 14ቱን ቃለ መጠይቅ በአማርኛ ሲገለብጡ እያንዳንዷ ቃል ያለፈችው በእሱ በኩል ነው። ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ኪይማንን መጠቀም ይሻላል። ከዚሁ ጋር ፒዲኤፍን ወደ ወርድ የሚቀይሩና «ከሌላ ሥራ ጋር ይመሳሰላል ወይ» ብለው የሚያጣሩ ነፃ ድረ ገጾችም አሉ፤ ሥራዎን የሚሠሩት ሙሉ ፋይሉን ወደ ራሳቸው ወስደው እንደሆነ አይርሱ።

ጉግል ድራይቭን በተመለከተ እውነቱ ይህ ነው። ፋይሉ ሲሄድም ሲቀመጥም ይመሰጠራል፤ ቁልፉ ግን በጉግል እጅ ነው። የቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ»ም በዚህ ረገድ ያው ነው፤ መልእክትና ፋይል ከሚላክባቸው የቴሌግራም ክፍሎች ከዳር እስከ ዳር የተመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ቴሌግራም ራሱ እንኳ የማያነበው፣ «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። እንግዲህ የማያምኑት ሰው ቤት ዕቃ ማስቀመጥ ካለብዎ ሣጥኑን ራስዎ ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው፣ ሣጥኑን ብቻ ይስጡት። ሰባት ዚፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፦ ፎልደሩን ሲጨምቁ በራሱ ቅርጸት ይሁን፣ የይለፍ ቃል ይስጡት፣ የፋይሎቹንም ስም የሚያመሰጥረውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ይህ ካልተደረገ ፋይሉ ባይከፈትም ስሙ ይነበባል፣ የሴትየዋ ስም ደግሞ የፋይሉ ስም ሊሆን ይችላል። ማመስጠሪያው ኤኢኤስ 256 የተባለው ጠንካራ ዘዴ ስለሆነ ጉግልም፣ የፎቶ ኮፒው ቤት ልጅም፣ ፍላሹን መንገድ ላይ ያገኘ ሰውም አይከፍተውም። የይለፍ ቃሉን ከረሱት እርስዎም አይከፍቱትም፤ እኔ ዘንድ ቢያመጡትም አይሆንም። አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘው ይጻፉ፣ በወረቀት ላይ አስፍረው ቤት ያስቀምጡ። በኮምፒዩተር ቫይረስ የማይሰረቅ ነገር ቢኖር ወረቀት ነው።

ይህን የሚያደርጉት ግን ለሁሉም ፋይል አይደለም፤ ሰው የሚታክተውና የሚተወው ሁሉንም ልቆልፍ ሲል ነው። የጽሑፉ ረቂቅ የማንንም ስም ካልያዘ እንዲሁ ሳይቆለፍ ድራይቭ ላይ ይግባ። 80 ገጽ ሥዕል የሌለበት ጽሑፍ አንድ ሜጋ ባይት አይሞላም፣ ለካርድዎ የሚያሰጋ ነገር የለውም። የሚቆለፈው ድምፁና የቃለ መጠይቁ ግልባጭ ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ በመካከለኛ ጥራት ከ30 እስከ 60 ሜጋ ባይት ስለሚሆን 14ቱ በአንድነት አንድ ጊጋ አይሞሉም፤ ጉግል በነፃ ከሚሰጠው 15 ጊጋ ውስጥ ይገባል፣ የሌሊት የዳታ ጥቅል ገዝተው አንድ ጊዜ ቢጭኑት በቂ ነው።

ድራይቭ ቫይረስን በራሱ አይከላከልም፤ ላፕቶፕዎ ላይ የተበላሸው ፋይል በተበላሸበት መልኩ ተገልብጦ ሊሄድ ይችላል። ጥቅሙ የቀድሞውን ቅጂ ለ30 ቀን ይዞ ማቆየቱ ነው፤ ከወር በኋላ ቢነቁበት አይገኝም። ስለዚህ በየሳምንቱ መጨረሻ ረቂቁን ቀኑን በስሙ ላይ ጽፈው፣ የቀድሞውን ሳይሰርዙ፣ ለራስዎ በቴሌግራም ይላኩት። ሻካራ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጠቅታ የሚሠራ ስለሆነ መብራት ሊጠፋ ሲልም ይደረሳል። ተማሪዎቼ ሳይሰለቹ የቀጠሉት እሱን ብቻ ነው።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ አነስተኛ የሆነ ሌላ ፍላሽ ይያዙ፤ በውስጡ የሚታተመው አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ይሁን፣ ሲመለሱም ላፕቶፑ ላይ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት። እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ኢሜይልም ቴሌግራምም አይክፈቱ፤ ሳይወጡበት መብራት የሄደ ዕለት የእርስዎ ቴሌግራም ለቀጣዩ ደንበኛ ተከፍቶ ይቆየዋል። ልጁ «ቫይረስ አለው» ካለዎት አመስግነው ነቅለው ይሂዱ።

የቀሩት ሴቶቹ ናቸው። እርስዎ በዚህ ጉዳይ ላይ ተጎጂ ብቻ አይደሉም፣ የሌላ ሰው መረጃ ያዥም ነዎት፤ በአገራችን ከወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወዲህ ይህ ከይሉኝታ ያለፈ ጉዳይ ሆኗል። ስማቸውና ቃላቸው ሳይቆለፍ በዚያ ላፕቶፕ ላይ እንደነበር መጀመሪያ ለአማካሪዎ ያሳውቁ፤ ለሴቶቹ መንገር ያለብዎ እርስዎ ብቻዎን ሆነው ወይስ በትምህርት ክፍሉ በኩል እንደሆነም አብረው ይወስኑ። ማን ደመወዝ እንደከለከላት ወይም ማን እንዳስቸገራት ስሙን ጠርታ የነገረችዎት ሴት ካለች እሷን አስቀድሙ፤ ነገ ጠዋት እዚያው ሳይት ላይ የምትቆመው እሷ ናትና። ከፍላሹ የሚያድኑትን ግልባጭ ሲያስተካክሉ ደግሞ ስሞቹን ሁሉ አውጥተው በቁጥር ይተኩ፤ ቁጥር 1 ማን እንደሆነች የሚያሳየውን ዝርዝር ኮምፒዩተር ላይ አይጻፉት። አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃዋል።